ከዜሮ የሚጀምር ቆጠራ

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ድር ሲያደራ ክሩን ድምፁን አውጥቶ ይቆጥራል፤ መሃል ላይ ሰው ካናገረው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት ያደርግና የቀረውን እንደገና «አንድ» ብሎ ይጀምራል። መቁጠር የተማርኩት ከሱ ነው። እሱ ምንም አላጠፋም።

በደርግ ጊዜ ኮምፒውተር ካላቸው ጥቂት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጠርኩ። ኩራቴ ለጉድ ነበር። አንድ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና የተመዘገቡ ወጣቶች ቅጽ መጣልን፤ ማን እንደሚዘምት የሚለየውን ፕሮግራም እኔ እንድጽፍ ታዘዝኩ። የቅጹ እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ አዎ ከሆነ አንድ፣ አይደለም ከሆነ ዜሮ፤ ያቺ አንዷ ቦታ ቢት ትባላለች። የአንድ ልጅ ቢቶች ተደርድረው አንድ ትልቅ ቁጥር ይሆናሉ። ማሽኑ ያን የሚያክል ቁጥር ባንዴ ስለማይችል ቢቶቹን ግማሽ በግማሽ በሁለት ቁጥር ከፈልኳቸው።

አንዷን ቢት ለማየት ቁጥሩን እንደ ቦታዋ ትርፉን እየጣሉ ደጋግሞ ለሁለት ማካፈል ነው፤ በመጨረሻ የተደረሰበት ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ መልሱ አዎ ነው። የመጀመሪያዋ ግን ሳይካፈል ነው የምትታየው፤ ቆጠራው ከዜሮ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ተጠንቅቄ ሠራሁ። ሁለተኛውን ስጀምር እንደ አባቴ «አንድ» አልኩ።

በሁለተኛው ግማሽ መጀመሪያ ላይ የነበረችው ጥያቄ «የወላጁ ብቸኛ ጧሪ ነው?» የምትል ነበረች። እንዲህ ያለ ልጅ አይዘምትም። ፕሮግራሜ እሷን ዘልሎ ቀጥሎ ያለውን፣ «ባለትዳር ነው?» የሚለውን ያነብ ነበር።

ከአባቴ ጎን ተቀምጦ የሚሸምን አንድ ወጣት ነበር፤ ያላገባ፣ ባል ለሞተባቸው እናቱ አንድ ልጅ። እናቱ በር ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ብቻውን እንደሚጦረኝ ተጽፎለታል አይደል?»

«ተጽፏል እማማ። ማሽኑ አይሳሳትም፣ አይስጉ።»

ስሙ ከዘማቾቹ ጋር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የሱን ቁጥር ወረቀት ላይ በእጄ ሠራሁት። የጧሪነቱ ቢት አንድ ነበረች፤ የዘለላት የኔ ፕሮግራም ነው። እስኪወሰድ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ለአለቃዬ መናገር ነበረብኝ፤ ግን ያኔ እንዲህ ያለ ስህተት አሻጥር ይባላል፣ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባም አውቃለሁ። ፈራሁ። ፕሮግራሙን ማንም ሳያይ ለሚቀጥለው ዙር አስተካከልኩት።

በአራተኛው ቀን በጭነት ማኪና ወሰዱት። አልተመለሰም። በዚያ ዝርዝር ላይ እንደሱ ያሉ ስንት እንደነበሩ አልቆጠርኩም፤ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ጀምሮት የሄደውን ጋቢ አባቴ ጨረሰው። እናቱ አጥፈው ይዘውልኝ መጡ።

«አንተማ ተጽፎለታል ብለኸኝ ነበር፤ ማሽኑ ነው የካደን» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኳቸው።

እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። ጋቢውን አንድም ቀን ለብሼው አላውቅም። አንዳንዴ ከሳጥን አወጣውና ከጫፉ ጀምሬ ክሩን እቆጥራለሁ፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት እያልኩ፣ የሱ እጅ ቆሞ የአባቴ እጅ እስከጀመረበት ድረስ። አሁን ቦታውን አልስትም።