ሦስት፣ ሰባት

ጠላት ቡሬ ሰፍሮ ሳለ ካርታ ለሚሠራው መኮንን አስተርጓሚ ነበርሁ። ባንዳ ይሉኛል፤ አልዋሹም። መኮንኑ በመስመር የተከፋፈለ ትልቅ ወረቀት ነበረው። የታችኛው የግራ ጥግ ምሽጉ ነው፤ ከዚያ በግርጌው ወደ ምሥራቅ፣ በዳሩ ደግሞ ወደ ሰሜን ቁጥር ተደርድሮበታል። የየመንደሩን ርቀት ስነግረው ነጥብ ያኖራል። አንድ ቀን አነባበቡን በችኮላ ነገረኝና «ገባህ?» አለኝ። የቅኔ ቤት ሰው አልገባኝም ማለት ሞቱ ነው። «ገብቶኛል» አልሁ።

የእኔን መንደርና የባለቤቴን አባት መንደር ያኖረ ዕለት በዓይኔ ቆጥሬ ያዝሁ። የእኔ ሦስት ወደ ላይ፣ ሰባት ወደ ጎን፤ የአማቴ ሰባት ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ጎን። የእኛ አገር ሰው መንገድ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው አቀበቱን ነው፤ እኔም እንደዚያው ቆጠርሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ትእዛዝ አየሁ። ሰኞ ጧት መንደር ይቃጠላል። የመንደር ስም የለውም፤ «ሦስት፣ ሰባት» ብቻ ይላል። ቤቴ ነው! ባለቤቴ ከወለደች ገና ወሯ ነው። ገበያ የወጡ ጎረቤቴን ፈልጌ፣ «ሰኞ ሳይነጋ መንደሩ ባዶ ይሁን፤ እሷ ሕፃኗን ይዛ አባቷ ዘንድ ትሂድ ብለው ይንገሩልኝ» አልኋቸው። እሑድን እህል ሳልቀምስ ዋልሁ።

ሰኞ ጦሩ ከወጣ በኋላ መኮንኑ ካርታውን ዘረጋ። ጣቱ ከጥጉ ተነሥቶ በግርጌው ወደ ጎን ሄደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ሰባት ወደ ላይ። የቆመው የአማቴ መንደር ላይ ነው። ሚስቴንና ልጄን በገዛ ቃሌ ወደ እሳቱ ልኬያቸዋለሁ! ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ዘበኛው እንዳይጠረጥረኝ ፈርቼ በቀስታ ተራመድሁ፤ ከዓይኑ ስርቅ ግን ጭሱን እያየሁ ሮጥሁ።

ስደርስ አማቴን በጋቢያቸው ሸፍነዋቸዋል። «ልጃቸውስ?» ብል፣ «እሷማ አልመጣችም» አሉኝ። አላመንሁም። ወደ ቤቴ በረርሁ።

ባለቤቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። «ሌላው ዱር ገባ፤ እኔ ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ይዤ ከደጅ አልወጣም ብዬ ቀረሁ» አለችኝ። እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ቀጥዬ የአባቷን ነገርኋት። ጮኻ ጮኻ ሲደክማት፣ እንዴት እንደ ሆነ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። መሬቱ ላይ በጣቴ ሁለት መስመር አሰመርሁ፣ ሁለቱን ነጥቦች አኖርሁ፤ ከጎን መጀመር ሲገባኝ ከላይ እንደ ጀመርሁ ነገርኋት።

ብዙ አየችው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ አብረውት ሲቀመጡ፣ ከየት እንደሚጀመር አልጠየቁትም?»

«ገብቶኛል ብዬው ነበር» አልኋት።