በገብርኤል ቀን የሳምነው በር

ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ጀርሚስተን ካለው ሱቄ ፊት ለፊት ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ አለ። በአጥሩ ዙሪያ ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ አናታቸው ላይ የማስታወቂያ ጨርቅ ይውለበለባል። ነሐሴ ገብቶ ነፋሱ ሲነሳ ገመዱ ብረቱን ይመታዋል፤ ጠንግ፣ ጠንግ፣ ጠንግ። መንገደኛው ጭራሽ የሚሰማው አይመስለኝም። እኔ ግን የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጬ በር ላይ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። "ሲሲ"፣ እህቴ ማለታቸው ነው፣ "ማንን ነው የምትጠብቂው?" ይሉኛል ደንበኞቼ። ማንንም፣ እላለሁ።

አንድ ቦታ መቀመጥ ድሮም አይሆንልኝም። በቤታችን ይሄ የዘር ነው። እናቴ ስለ ታላቅ ወንድሜ ስታወራ "የሱ ቂጥ ወንበር አያውቅም" ትል ነበር፤ ከዚያ ዞር ብላ እኔን ታይና "ይቺም የሱ ግልባጭ ናት" ትላለች። እሱ ቀድሞኝ ጆሃንስበርግ ገባ፤ እኔን ያስመጣኝም እሱ ነው። ያኔ ገና ከልጅነት አልወጣሁም። ቤሪያ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍለን እንኖር ነበር። ሥራችን ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክሞ በየሎኬሽኑ፣ ማለትም በየጥቁሮቹ መንደር፣ ቤት ለቤት መዞር ነው። እሱ ብርድ ልብሱን በጀርባው፣ እኔ አንሶላውን በትከሻዬ። ሁልጊዜ ከፊቴ ነበር የሚሄደው። የከተማዋን ግማሽ ያየሁት ከሱ ጀርባ ኋላ ሆኜ ነው ብላችሁ ማጋነን አይደለም።

አንድ ክረምት ላይ ወንድሜ ጭራሽ ዕረፍት አጣ። በኛ ክረምት ማለቴ አይደለም፤ በዚህ አገር ክረምት፣ ዝናብ በሌለው፣ ብርዱ ግን አጥንት በሚገባው። ስልክ ሲደወልለት ወደ ኮሪደሩ ይወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ከምንኖርበት ፎቅ ብዙ ልጆች ወደ ብራዚል መሄድ ጀምረው ነበር፤ ከዚያ በእግርም በጀልባም እያሉ ወደ ሰሜን። ፍራሻቸው ሲሸጥ ነው የምናውቀው። እኔም ቀን ከሌት ፍራሹን አየው ነበር። ልትሄድ ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ይመጣና መልሼ እውጠዋለሁ። ከሱ ሌላ በዚህ አገር ሰው የለኝማ።

አንድ ቀን ጠዋት "ኦሬንጅ ፋርም ሎኬሽን ሰለቸኝ፤ ሐበሻ ከሐበሻ ጋር እየተጋጨ ነው የሚሸጠው" አለኝ። አንድ የታክሲ ሾፌር ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ነግሮት ኖሯል። ከዴንማርክ የመጡ ሰዎች ናቸው አሉ የመሠረቷት፣ የንፋስ ወፍጮ አላት፣ ሐበሻ እግሩ ረግጧት አያውቅም። ይሄን ሲሰማ እንዴት ይቀመጥ! ታክሲው መገንጠያው ላይ አውርዶን ሄደ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ መኪና አልነበረም። ስለዚህ በእግራችን ገባንባት።

መንገዱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ የሆነ ቦታ ሜዳው ተቃጥሎ የጭሱ ሽታ ከብርዱ ጋር አፍንጫ ይቆነጥጣል። ፀሐይዋ ደማቅ ናት፣ ግን አታሞቅም። መጀመሪያ የታየን ወፍጮው ነበር፤ ክንፎቹ የማይዞሩ፣ ርግቦች የሰፈሩበት የእንጨት ወፍጮ። ከዚያ ጣሪያቸው የሾለ ነጫጭ ቤቶች መጡ፤ ብዙዎቹ መስኮታቸው ተዘግቷል። ከአንደኛው የዳቦ ሽታ ወጣ። ወንድሜ ቆመና ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። "ሄል ነው! በእናቴ፣ ሄል!" አለኝ። ሄል የገባበት ዳቦ በዚህ አገር ሸትቶን አያውቅም ነበር። አሁን ልጠይቀው፣ አሁን ልጠይቀው እያልኩ ነበር የምከተለው፤ እሱ ግን ጉልበት እንደተጨመረለት ሆኖ ፈጠነብኝ።

የዳቦው ሽታ ወደሚመጣበት መንገድ ስንታጠፍ ያየነው ነገር ሁለታችንንም አስቆመን። በአንድ ግቢ አጥር ላይ ትንንሽ ባንዲራዎች ከጥግ እስከ ጥግ ተሰክተዋል፤ ቀይ መደብ፣ በላዩ ላይ ነጭ መስቀል። ከግቢው መሐል ደግሞ ከቤቱ የሚበልጥ ምሰሶ ላይ ያው ባለመስቀል ባንዲራ፣ ትልቁ፣ ይውለበለባል። ገመዱ ብረቱን ይመታል። ጠንግ፣ ጠንግ።

"ዛሬ በኛ ስንት ነው?" አለኝ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ።

"ገብርኤል!" አለ። "እታለም፣ የገብርኤል ንግሥ ነው! እነዚህ ሰዎች ያከብሩታል ማለት ነው!"

አሁን ስናገረው ያስቃል። ያኔ ግን መጠራጠርም አልመጣልን። አገራችን ላይ ታቦት በሚወጣበት ቀን መንገዱ ዳርና ዳር እንዲያ ነው የሚያሸበርቀው፤ እዚህ ደግሞ መስቀሉ ጭምር አለበት። ከመጣን ጀምሮ ሥራ ሥራ እያልን አንድም ንግሥ ደርሰን አናውቅም። ሸክማችንን አወረድን። ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ መስቀለኛ አጣፋሁ። ወንድሜ ጫማውን ፈታ፤ በዚያ ብርድ ካልሲውንም አወለቀ። ከዚያ ሁለታችንም ተራ በተራ አማትበን፣ ግንባራችንን የግቢው በር ላይ አስደግፈን ሳምነው። ብረቱ በረዶ ነበር። ወንድሜ ቶሎ አልተነሳም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ለመንገድ እንደሚጸልይ ገባኝ።

ቀና ስንል አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ቆሞ ያየናል። ሱፍ ኮት ለብሶ በእጁ የኬክ ቢላ ይዟል።

"አሞአችሁ ነው?" አለን።

ወንድሜ ባዶ እግሩን እንደቆመ፣ በዚያች በሎኬሽን በተማራት እንግሊዝኛ "እንኳን አደረሰህ ባባ፣ ለገብርኤል!" አለው።

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባውም። ወንድሜ በእጁ ባንዲራውን፣ መስቀሉን፣ ሰማዩን እያሳየ አስረዳው። ሲገባው ሳቁ ሳል እስኪሆንበት ሳቀ፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ንግሥ አልነበረም። አያቶቹ የቅቤ ፋብሪካ ሊከፍቱ የመጡ ዴንማርኮች ናቸው፤ በእነሱ ወግ የቤተሰብ ልደት ሲሆን ባንዲራ ይሰቀላል። የዚያን ቀን ልደቷ የነበረው ሴት ልጁ ናት። የት ናት ስንለው አውስትራሊያ አለን። ከሄደች ቆይታለች።

በረንዳው ላይ አስቀመጠን። ኬኩ ሙሉ ነበር፤ ከኛ በፊት ማንም አልነካውም። ሄሉ ከውስጡ ነው የሚሸተው። ወንድሜ እንደ ልማዱ ቁጭ ብድግ እያለ፣ ምሰሶውን እየዞረ አየው።

"እንደምትሰቅልላት ታውቃለች?" አለው።

"ሳታውቅም እሰቅላለሁ" አለ ሽማግሌው። "ቤቷ ቀኗን ያውቃል።"

ሰው ሲሞትስ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ያኔ እስከ ምሰሶው መሐል ብቻ ይወጣል አለኝ፤ ሚስቱ ስትሞት እንዲያ ሰቅሎ፣ ከቀብር ሲመለስ ወደ ላይ እንዳወጣው ነገረን። ከዚያ ነገሩን ለመቀየር ይመስለኛል፣ እናንተስ ልደታችሁ መቼ ነው አለን። ወንድሜ ሳቀ። የስደት ወረቀታችን ላይ ሁለታችንም ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለድነው፤ ቀኑን የማያውቅ ሁሉ የሚሰጠው እሷን ነው። "መንታ ናችሁ!" አለ ሽማግሌው። እውነት መስሎት ደስ ብሎት ስለነበር አላረምነውም።

ስንወጣ ሽማግሌው አንድ ብርድ ልብስ ከኛ ገዛ። እስከ በሩ ሸኝቶን፣ የሳምነውን ብረት በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ወደ መገንጠያው ስንመለስ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቴ አልሄደም። ጎን ለጎን ነበርን። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ጥላችን ሣሩ ላይ ረዝሟል። መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"ብራዚል ልሄድ ነው" አለ።

"መቼ?"

"የፍልሰታ ጾም ሳይገባ።"

አለቀስኩ፤ ለመንኩት፤ ሰደብኩትም። እዚህ ሱቅ እንከፍታለን አልኩት፣ አንተም ዘበናይ ሆነህ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ አልኩት። ሊስቅልኝ ሞከረ። "እታለም፣ እግሬ እንቢ አለኝ" አለኝ። ቀጥሎም ታክሲው ከሩቅ እየታየ "አንቺም ትሰቅዪልኛለሽ?" አለ።

"በየትኛው ቀን? በጃንዋሪ አንድ?" አልኩት በንዴት።

አሰበ፤ እሱም አያውቀውም። "እማዬን ጠይቂያት" አለኝ።

እንዳለውም ጾሙ ሳይገባ ሄደ። ፍራሹን አልሸጥኩትም። ከብራዚል ደወለ፣ ከፔሩ ደወለ። ቀጥሎ ከአንድ የኮሎምቢያ ወደብ ደወለና ድምፁ በደስታ እየተንቀጠቀጠ ነገ ወደ ሰሜን የሚያሻግረውን ጫካ በእግር እንጀምራለን አለኝ። ከኋላው ሰው ይጣራል፣ ውኃ ይንቦጫረቃል። "ሄድኩ በይ" አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። አብረውት ከገቡት አንዳንዶቹ ወጥተዋል። ወንዙ ላይ ተለያየን ይላል አንዱ፤ ሌላው ከኛ ቀድሞ ነበር ይላል። ቀድሞ ነበር የሚለውን አምናለሁ፤ ሁልጊዜ ከፊት ነበራ።

የተወለደበትን ቀን እናቴን በስልክ ጠየቅኳት። "የቡሄ ዋዜማ" አለችኝ። "ሰፈሩ ጅራፍ ሲያጮህ ነው ምጡ የያዘኝ። ልጁ ሲወጣ እንኳ ሊሮጥ ነበር የመጣው።" ለምን እንደጠየቅኳት አልጠየቀችኝም።

ይኸው ዘንድሮም ትናንት የቡሄ ዋዜማ ነበር። ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ቤሪያ ገባሁ። ያችን በዚያ በር ላይ ያጣፋኋትን ነጠላ ከሻንጣ አወጣሁ፤ ጥለቷ ቀይ ነው። በረንዳዬ ላይ ማንም የማይጠቀምበት የአንቴና ብረት አለ። ወንበር ላይ ቆምኩና አሰርኳት። ብረቱ መሐል ላይ አይደለም፤ እጄ እስከደረሰበት ድረስ ተንጠራርቼ፣ ጫፉ ላይ። ነፋሱ ወዲያው ተቀበላት። ምሽቱን ሙሉ እንደ ወንድሜ ቁጭ ብድግ እያልኩ አየኋት።

ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ አንገቷን በመስኮት አውጥታ እንደየዓመቱ ጮኸችልኝ። "ሲሲ! ልብስሽን አስገቢ፣ ነፋሱ ሊወስድብሽ ነው!"

"ተዪው ማማ" አልኳት። "ገና አልደረቀም።"