የነብሩ ዱካ የዞረበት መስክ

እናንተ ልጆች፣ በረዶ ሲዘንብ እጃችሁን ዘርግታችሁ ስትቦርቁ አያለሁ። ቦርቁ፣ አልከለክልም። እኔ ግን ያኔ ዓይኔ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው፤ የበልግ ዝናብ ገና መጀመሩ። ያኔ ቀራንዮ ቤቱ የተራራቀ፣ ጅብ በጠራራ ፀሐይ የሚታይበት አገር ነበር። ጎረቤቴ ሸምሱ የቆዳ ነጋዴ ነው፤ አንደበቱ ፈጣን፣ እግሩ ደግሞ ከአንደበቱ የባሰ። ወጨጫ ተራራ ሥር ነብር በግ ፈጀ ሲባል ምንሽር ጠመንጃችንን አንግተን ወጣን።

ከተራራው ግርጌ በበጋ የሚደርቅ ረግረግ አለ። አፈሩ ዘመን ያስቆጠረ የበሰበሰ ሣር ነው። ገበሬዎቹ ማሳቸውን ሲያቃጥሉ እሳቱ ሾልኮ ገብቶበት፣ ነበልባል ሳያወጣ እንደ ኩበት ውስጥ ውስጡን ይነዳል። አንዱን ገበሬ ብጠይቀው «ኧረ እሱ ሲጨስ ነው የከረመ» አለኝ።

ጠዋት ጽድ ሥር አድፍጠን ሳለ በረዶው ወረደ። እንዲያ ያለ በረዶ አይቼ አላውቅም፤ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ሲያባራ የረግረጉ መስክ ሁሉ ነጭ ሆኗል፣ ጭሱም የለም።

«አላህ አጠፋላቸው» አለ ሸምሱ።

እኔን ግን የጭሱ ሽታ አሁንም ይሸተኝ ነበር።

ወዲያው ነብሩ ብቅ አለ። ሸምሱ ተኮሰ፣ ትከሻውን መታው። አውሬው እየደማ መስኩን አቋርጦ ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ገባ። በአገራችን ሕግ ቀድሞ ያደማ ሰው ግዳዩ የሱ ነው። ነገር ግን ቀድሞ ደርሶ እጁን ካላሳረፈበት ሌላው ይከራከረዋል፤ ገበሬዎቹ ደግሞ ጦር ይዘው ከወዲያ እየጮኹ ይመጣሉ። ሸምሱ እግሩ አላስቆም አለው።

ዱካውን አየሁት። ደሙ በነጩ ላይ ቀጥ ብሎ ሄዶ መሐል ላይ ሲደርስ በሰፊው ዞሯል። የቆሰለ አውሬ ያለ ነገር መንገድ አያስረዝምም።

«ሸምሱ! ዱካውን ተከተል!»

«ያለው እዚያ ነው፣ ምን ያዞረኛል!» ብሎ በቀጥታ ሮጠ።

መሬቱ እስከ ወገቡ ዋጠው። እንፋሎት ቡልቅ አለ። «እግሬን! እግሬን በላኝ!» ሲል ድምፁ የሱ አልመስል አለኝ። ጠመንጃው ከጉድጓዱ ገብቷል። «ዝናርህን ፈተህ ወርውር!» አልኩት፤ ጥይቱ ቢግል ሁለታችንንም ይጨርሰናል። ወረወረው። በሆዴ ተኝቼ በበረዶው ላይ እየተሳብኩ ቀረብኩት። ደረቴ በረዶው ላይ ነው፣ ከበረዶው ሥር ግን ሙቀት ይሰማኛል።

ቀና ስል ነብሩ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ያየኛል። ያለኝ አንድ ምንሽር ነው፤ ወይ ለነብሩ፣ ወይ ለሸምሱ። ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ጥይቱን አውጥቼ ሰደፉን ለሸምሱ ዘረጋሁለት። አፈሙዙን ይዤ ስጎትት ዓይኔ ከነብሩ አልተነቀለም። ሸምሱ እግሩ ተቃጥሎ ወጣ። ነብሩ ሊዘል ሲያጎነብስ ገበሬዎቹ ደርሰው በጦር ጣሉት።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ቀድሞ ያደማ እሱ ነው» ብለው ግዳዩን ለሸምሱ ፈረዱለት። ቆዳውን አልጋው ድረስ ሲያመጡለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስንቱን ቆዳ የሸጠ ሰው ያንን አልሸጠውም፣ አላነጠፈውምም። ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄደም።

ልጆቼ፣ በረዶ እንዲያ ያለውን እሳት ያለብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚጠፋው ጭሱ ነው፤ ሰውም ጭስ ካላየ እሳት የለም ይላል። አውሬው ግን በመዳፉ አወቀው።

ሸምሱ እስኪሞት ድረስ በረዶ በዘነበ ቁጥር ወንበሩን ደጅ አስወጥቶ ይቀመጥ ነበር። እኔም ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ነጩን መሬት ሲያይ ይቆይና፣ «ዱካው ዞሮ ነበር አይደል?» ይለኛል።

«ዞሮ ነበር፣ ሸምሱ» እለዋለሁ።