ወደ ጊንጪ ሦስት ጊዜ የተላከ መልእክት

ቅዳሜ ጠዋት ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ተነሳሁ። የምሄደው ጊንጪ፣ አክስቴ ጋ ነው። ልጇ ደረጀ ሥራ ፍለጋ እኛ ቤት ሊመጣ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ አፈሳ በርትቷል፤ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ከፌርማታ እየተለቀመ ለጦሩ ይጫናል። እኔ አንካሳ ስለሆንኩ አይፈልጉኝም። ለመላላክ ግን አላንስም! "አትምጣ" ብለን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሹፌር አንዴ በቴሌግራም፣ ልከን መልስ የለም።

አስኮ

መጀመሪያ ቃሉን የላክንበትን የጭነት መኪና ሹፌር እዚያ አገኘሁት።

"ነገርክልን?"

"ሆለታ ላይ መኪናው ተበላሽቶብኝ ተመለስኩ እኮ።"

"ታዲያ አትናገርም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሰድቤው አውቶቡስ ገባሁ። ቡራዩ ኬላ አስወርደው ፈተሹን። አብዮት ጠባቂው እግሬን አየና "አንተ እለፍ" አለኝ። ለዚህም ተመስገን በል ይሉኛል። ሆለታ ቆሎ ገዛሁ፣ ግማሹ ጠጠር። ከአዲስ ዓለም ወዲያ ግራ ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው።

ጊንጪ

ስወርድ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረጀ ሻንጣ ይዞ፣ ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈሩ ቆመዋል። ገና ስታየኝ ደረቷን መታች።

"እህቴን! እህቴን ቀበራችኋት!"

ቴሌግራሙ ለካ ደርሷል፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። አፈሳ ብሎ መጻፍ ስለማይቻል "ሁላችንም ደህና ነን፣ ደረጀ ይቆይ" ብለን ነበር። በቴሌግራም ደህና ነን ከተባለማ ሰው ሞቷል! መርዶ የሚደበቀው እንደዚህ ነው። እኛም ቢደርሰን ነጠላ እናዘቀዝቅ ነበር።

"በቀራንዮ መድኃኔዓለም፣ ማንም አልሞተም!"

"መርዶ ነጋሪ የማይምለው የለም!"

ከአምቦ የመጣው አውቶቡስ ጡሩምባውን ይነፋል። ደረጀ አንድ እግሩን አስገብቷል። ያኔ እማዬ ስወጣ ያለችኝ ትዝ አለኝ።

"'ያቺ ሌባ ብረት ድስቴን ሳትመልስ አልሞትም በላት' ብላለች!"

አክስቴ ለቅሶዋን ቆረጠች። "ለፋሲካ የወሰድኩትን?"

"አዎ፣ እሱን!"

"እሷ ናት! አለች! ውረድ አንተ!"

ኮልፌ

እሁድ ስመለስ እማዬ በር ላይ ነበረች። አፌን ሳልከፍት ብብቴ ሥር ያለውን ድስት አየች። "ተመስገን፣ ልጁ ቀርቷል" ብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

የገባኝ ይኸው ነው። ሹፌሩ ቃል ይበላል። ቴሌግራሙ ቃሉን ያደርሳል፣ ምን ብለው እንደተረዱት ግን አይነግርህም። ለእሱ በአንካሳ እግሩ ድስት ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል።

"ክዳኑስ?" አለች እማዬ።