ባትሪ እስኪያልቅ የምትታይ ቤተ ክርስቲያን

ዘመናይ አበባው ላፕቶፕ አላት ብሎ ማለፍ ነገሩን ማቃለል ነው። ሰው ላፕቶፕ ሲባል በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ካፌ የሚገባባትን ቀጭን ነገር ነው የሚያስበው። የሷ ግን ታቅፈው የሚሸከሙት፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ጠረጴዛውን የሚያስቃስት ነው። ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያህላል። ደብረ ማርቆስ ላይ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል የሰው ቤት ፕላን ትሠራለች። ሳሎኑን፣ ጓዳውን፣ በረንዳውን ከሣለች በኋላ ባለቤቱን ገና መሠረቱ ባልተቆፈረ ቤት ውስጥ በስክሪን ላይ ታዞረዋለች። ለዚህ ደግሞ ጉልበተኛ ማሽን ያስፈልጋል። ስሙን ‹ሰውዬው› ብላዋለች።

ሰውዬው ጠባየኛ ነው። መስመር ብቻ ስታሰምር ድምፁ አይሰማም። የመስኮቱን ብርሃንና የግድግዳውን ጥላ አስላ ስትለው ግን ፋኖቹ ይነሳሉ፤ መጀመሪያ ሹክ ይላሉ፣ ከዚያ እፍ እፍ፣ ከዚያማ ያዙኝ ልቀቁኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን ይይዝ ነበር። ዘመናይ ምን ታደርግ መሰላችሁ? ወንበሯን ደገፍ ብላ ዓይኗን ትጨፍናለች። በዚያ ድምፅ ውስጥ ከአምበር ወዲያ ካለው የአባቷ ቀዬ የባሕር ዛፍ ነፋስ ይመጣላታል። ነፋሱ ውስጥ ልጅ ሆና ትሄድበታለች፣ ሥራው አልቆ ፋኑ ጋብ ሲል ትመለሳለች። ደንበኛ ገብቶ ቆሞ የጠበቃት ጊዜም አለ።

የሰውዬው ሐሞት ግን ገመዱ እስኪነቀል ነው። መብራት ሲሄድ ጉልበቱን መሰሰት ይጀምራል፤ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ሥዕሉን እያነከሰ ያስኬዳል፣ ባትሪው ያረጀ ነውና ዓይን እያየ ይወርዳል። የስልክ ፓወር ባንክ ቢሰኩለት እንኳ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ዘመናይም ለምዳዋለች። መብራት ከሄደ ታጠፋዋለች፣ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ አለቀ።

ያ ባትሪ ጭንቀት የሆነባት በአባቷ ምክንያት ነው። ቄስ አበባው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉባት የቀያቸው ኪዳነ ምሕረት አርጅታ ፈርሳለች። ታቦቷ መቃኞ ውስጥ ነው ያለችው፣ አዲሱ ሕንፃ በምእመናን አቅም ቀስ እያለ ይሠራል፤ ገና መሠረት ላይ ነው። ፕላኑን የሠራችው ዘመናይ ናት። የቄስ አበባው ዓይን ደግሞ ሕንፃውን የሚጠብቅ አልሆነም። የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ብቻ ማቆየት እንደሚቻል ነግሯቸዋል። ዘመናይ በደወለች ቁጥር እሳቸው «ደህና ነኝ፣ አያለሁ» ይላሉ። እሷ ግን አንድ ነገር ትፈራለች፤ አባቷ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሳያዩ እንዳይጨልምባቸው።

ማርቆስ መጥተው መብራት ባለበት እንዲያዩ ለምናቸው ነበር።

«በሱቅና በሆቴል መሀል ቤተ ክርስቲያን አልሳለምም» አሉ። «ቦታዋ ላይ አሳዪኝ።»

ቄስ አበባው አንዴ ካሉ አሉ ነው። ቦታዋ ደግሞ መብራት ያልደረሰበት ኮረብታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ለደከመ ዓይን ስክሪኑ እስከ ጥጉ መብራት አለበት፤ እስከ ጥጉ ሲበራ ባትሪው እንደ ጉድ ይጠጣል። ዘመናይ ክፍሏ ውስጥ ገመዱን እየነቀለች ስትሞክር ሰነበተች። የዛፉን ቅጠሎች ከሥዕሉ አወጣች፣ አጥሩን አቀለለች፣ የመንገዱን ዙሪያ አሳጠረች። በመጨረሻ ከደጀ ሰላም ተነስቶ መቅደሱ በር ድረስ በቀስታ የሚያስኬድ ጉዞ ተገኘ፤ ባትሪውም ተርፎት።

እሁድ ማለዳ ሰውዬውን ጢም አድርጋ ሞልታ አምበር ወረደች። ሥዕሉ ከባድ ስለሆነ ለመከፈት ዘመን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ ሥዕሉን ከፍታ አዘጋጀችውና ክዳኑን ብቻ ዘጋችው። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ራሷ ናት ያስለመደችው፣ ተዘግቶም እንዲሠራላት። ዝም ብሎ ይቆየኛል ብላ ነው።

አክስቷ ጥሩነሽ ልትቀበላት መጥታ ነበር። ቦርሳውን በዘመናይ ጀርባ ላይ ስታይ ቆጣ አለች።

«እመቤታችን ያለችበትን ነገር እንዲህ እንደ ስልቻ ታንጠለጥያለሽ? የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሳይሸፈን መንገድ አይሄድም።»

ዘመናይ ሥዕል ነው ልትል ነበር፣ አፏ እምቢ አላት። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሠራው አንድም ሰው እንዲህ አክብሮላት አያውቅም። ጥሩነሽ ሰውዬውን ከቦርሳው አወጣችው፣ ለእሁድ ከሳጥን አውጥታ በደረበችው አዲስ ጋቢ ደራርባ ጠቀለለችው፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ከፊት ቀደመች። መንገድ ላይ የሚያገኟቸው ሰዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጎንበስ እያሉ ያሳልፏቸው ነበር።

ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። ዘመናይ ሰማችው። ያ የምታውቀው እፍ እፍ ሲል፣ ከፍ ሲል፣ ሲያጉረመርም፣ እግሯ መሬት መርገጡን ረሳች። ማርቆስ ክፍሏ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና የምትመጣበት መንገድ ላይ በእውነት መጥታለች። ምንኛ ደስ አላት! ቀና ብላ ብታይ ኖሮ አንድ ቅጠል እንኳ አለመወዛወዙን ታይ ነበር። አይ ዘመናይ። ነፋሱ ጋቢው ውስጥ ነበር።

ቅዳሴ ወጥቶ ምእመኑ ተበትኗል። ቄስ አበባው ከአዲሱ መሠረት ፊት ለፊት፣ ጽዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ጥሩነሽ ጋቢውን ስትፈታ እጇን ሰበሰበች።

«ውይ፣ ትኩሳት ይዞታል።»

ዘመናይ ክዳኑን ከፈተች። ባትሪው ቀይ ሆኗል። ሰውዬው አየር አጥቶ፣ ታፍኖ፣ መንገዱን ሙሉ ሲጮኽ መጥቶ ጉልበቱን ጨርሶታል። አልቅሺ አልቅሺ አላት። ስክሪኑን ብታደበዝዘው ይቆይላት ነበር፤ ግን የማይታይ ነገር ቢቆይ ምን ያደርጋል? እስከ ጥጉ አበራችው፣ የማሽኑን ቁጠባ አነሣችበት፣ አባቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ፋኖቹ እንደገና ተነሡ።

«ደጀ ሰላሙ ይሄ ነው፣ አባ።»

«አየሁ» አሉ ቄስ አበባው፣ ፊታቸው በርቶ።

«ይሄ ደግሞ ደረጃው።»

«አየሁ፣ አየሁ። ሰፋ አድርገሽዋል፤ ለሽማግሌ ይመቻል።»

የዘመናይ ደስታ ልክ አልነበረውም። ደረሰ ማለት ነው፣ አልጨለመባቸውም። ጣቷን ወደ በሩ ስታስጠጋ ስክሪኑ ድርግም አለ። ፋኑ አንዴ ተንፍሶ ቆመ።

ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አባቷ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ እንዳለ ነው። ዓይናቸው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ተተክሏል።

«ብርሃኑ እንዴት ደስ ይላል» አሉ። «ምነው ቆምሽ? ቀጥይ እንጂ።»

ዘመናይ ጥሩነሽን አየቻት። ጥሩነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ መሬት አቀረቀረች፤ ታውቅ ነበር። እሳቸው በስልክ «አያለሁ» ሲሉ የነበሩት ልጃቸው ሥዕሉን እንዳትተወው ነው። ስንት ቀን ባትሪ ስትቆጥብላቸው፣ እሳቸው ደግሞ እሷን ሲቆጥቧት።

ክዳኑን አልዘጋችውም፣ እንዳይሰሙት። አጠገባቸው ተጠግታ ክንዳቸውን ያዘች።

«አሁን በሩ ላይ ነን፣ አባ» አለች።

«በሩ ላይ ነን?» ቄስ አበባው ጎንበስ አሉ፣ እግራቸውን ዳበሱ፣ ጫማቸውን አወለቁ። «በይ።»

አስገባቻቸው። ቅኔ ማኅሌቱን በቃሏ አዞረቻቸው፣ መስኮቶቹ ከየት ወዴት እንደሚያዩ፣ ጠዋት ፀሐይ የትኛው ዓምድ ላይ እንደምታርፍ፣ ከበሮው የት እንደሚቀመጥ ነገረቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ አንዳንዴ አንድ ነገር ለመሳለም ከንፈራቸውን ወደፊት እያደረጉ ተከተሏት። ቅድስቱን አቋርጠው መጋረጃው ጋ ሲደርሱ ዘመናይ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ሴት አትገባም፤ እሷም የውስጡን መስመር ብቻ ነው ያሰመረችው።

«መቅደሱ በር ላይ ነን፣ አባ። እኔ እዚህ ላይ እቆማለሁ።»

«አዎ፣ አንቺ እዚህ ቁሚ» አሏት ቄስ አበባው። «እንግዲህ እኔ ልግባ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘመናይ ክንዳቸውን ለቀቀችና በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።