እንደ አያቴ ዘመን የተመታ ማሲንቆ

ከዚህ በፊት ሰው የሚያነበው ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ሰው ፊት መናገርም አልደፍርም። ግን አምና በጥር፣ በሠርጌ ቀን የሆነው ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ልሞክር ብዬ ነው።

ቤታችን ከአርብ ገበያ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ያሳደጉኝ ወንድ አያቴ ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ። ገና ስታጭ፣ "ነፍሷን ይማረውና አያትሽ ሙሽራ ሆና ወደዚህ ቤት ስትገባ የተዘፈነው፣ ልክ እንደዚያው ሳይዘፈን መርቄ አልሸኝሽም" አሉኝ። ዘመዶቼ የእርጅና ነገር ነው ብለው ሳቁ። እኔ ግን ሳልመረቅ ከደጃፉ መውጣት ፈራሁ።

በሠርጉ ቀን ዳሱ ውስጥ ሞንታርቦ ሲጮህ ዋለ። አባባ ከቤት አልወጡም። ሙሽራው ከወገዳ የመጣ ነው፤ ሚዜዎቹ "የወገዳ መንገድ አስቸጋሪ ነው፣ ሳይመሽ እንነሣ" እያሉ ይጣደፋሉ። እንባዬ መጣ።

ያን ጊዜ ማንም ያልጠራው አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቦ ገባ። ከእስቴ ሠርግ ሠርግ እያለ የመጣ ጎልማሳ ነው። አንዱ ሚዜ፣ "ልትበላ ነው የመጣኸው?" አለው።

"በልቻለሁ፤ የመጣሁት ልጠጣ ነው" ብሎ ሰውን አሳቀ።

ምን እንዳደፋፈረኝ አላውቅም፣ በምልክት ጠርቼ የአባባን ነገር በጆሮው ነገርኩት። አልሳቀም። "የት ናቸው?" ብቻ አለኝ።

ይዤው ወደ ቤት ገባሁ። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አዝማሪው አንድ የድሮ የሙሽራ ዘፈን አነሣ። አባባ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ "ግጥሙ የኔ ዘመን ነው፤ ምቱ የነዚህ የዛሬዎቹ ነው" አሉት።

"እውነትዎን ነው አባቴ። እጄ የለመደው ይህን ነው። እስቲ የአያቴን ልሞክር።"

ሞንታርቦውን አስጠፋ። የማሲንቆውን ጭራ አላልቶ እንደገና ቃኘ፤ ድምፁ ወፈረ። ሲዘፍንም እንደ ቅድሙ አልጮኸም፤ አጠገቡ ላለ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። አንዱን ስንኝ ሲጨርስ ማሲንቆው ብቻውን እንዲናገር ይተወዋል። የዳሱ ሰው እየመጣ በሩ ላይ ተደራረበ። ያጨበጨበ የለም።

"ድሮ ዘፈኑ ሰው ላይ አይጮህም ነበር፤ ሰው ነበር ወደ ዘፈኑ የሚጠጋው" አለን አዝማሪው።

አባባ ዞሩ። "አሁንም ትፈጥናለህ። እሷ የመጣችው በበቅሎ ነው፣ በመኪና አይደለም" አሉት።

አዝማሪው ፈገግ ብሎ አዘገመ። አሁን የበቅሎዋ እርምጃ የሚሰማ መሰለኝ። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ግጥሙን ይከተል ጀመር። ሲያበቃ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ተመረቅሁ።

ያን አዝማሪ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ስሙን አለመጠየቄ ይቆጨኛል። ሙያ ያለው ሰው ሲባል በሰማሁ ቁጥር ግን ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። የለመደውን ምት ለአንድ ሽማግሌ ብሎ ተወው፤ ሲታረምም አላፈረም።

መኪናው ሊነሣ ሲል አባባ በመስኮቱ እጄን ይዘው፣ "ቀስ ብላችሁ ሂዱ ልጄ፤ አያትሽም ቀስ ብላ ነው የገባችው" አሉኝ።