እትዬ ሊን የጾም የሠሩልኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለች ካፌ ገባሁና የዝንጅብል ሻይ አዘዝኩ፤ አስተናጋጇ ዝንጅብሉን ከቡናማ ስኳር ጋር ስታፈላው ሽታው መጥቶ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ ሻዩ እስኪቀርብልኝ ድረስ በልጅነቴ ዘመን በእትዬ ሊን ወጥ ቤት ተቀምጬ ቆየሁ።

እትዬ ያለቻቸው እናቴ ናት፤ እኔ ሚስስ ሊን ነበር የምላቸው። ከአፓርትመንታችን ጎን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቤት ውስጥ እንኳ የሱፍ ኮፍያቸውን የማያወልቁ አጭር ቻይናዊት አሮጊት ነበሩ። እናቴ ሳንታ ሞኒካ አረጋውያን ስትንከባከብ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እሳቸው ቤት ነበር። የእሳቸው እንግሊዝኛ ጥቂት፣ የእኔ ቻይንኛ ባዶ ነበር፤ ቢሆንም ተኮራርፈን መታረቅ እንኳ አላቃተንም።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት ቀን ለቻይናውያን ቤተሰብ የሚሰበሰብበት በዓል ነው። ያን ቀን ጠረጴዛቸው በሩዝ ዱቄት ይነጣል፤ ሊጡን እየቆነጠርን፣ በጥቁር ሰሊጥና በስኳር እየሞላን በመዳፋችን እናድቦለቡለዋለን፤ የእሳቸው ዕንቁ ሲመስል የእኔ ድንች ይወጣዋል። ከዚያ በዝንጅብል ውሃ ይቀቀልና ትኩስ ትኩሱ ይበላል። ታንግ ዩዋን ይሉታል። የበላ ሰው አንድ ዓመት ይጨምራል ስላሉኝ፣ ቶሎ አድጌ መኪና ልነዳ ብዬ አንድ ጊዜ አሥራ አንዱን ውጬ እናቴ እስክትመጣ ሆዴን ይዤ ተኝቻለሁ።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ በዓሉ ሲቃረብ፣ ጋርዴና የሚኖረው ልጃቸው ሥራ ስላለበት እንደማይመጣ ነገራቸው። እኔ አለሁልዎት አልኳቸው። ቀኑ ሲደርስ ግን ጓደኞቼ ሆሊውድ ሄደን ፊልም እንይ አሉኝ። ምን ብዬ እንደምቀር ሳሰላስል የገና ጾም መያዙ ትዝ አለኝና በራቸውን አንኳኳሁ።

«ሚስስ ሊን፣ ጾም ነኝ፤ መብላት አልችልም።»

እጃቸው እስከ ክርናቸው ዱቄት ነበር።

«ኦኬ፣ ኦኬ» አሉ። «ብርድ ነው፤ ጃኬት ልበሺ።»

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ በቅቤ የራሰ ፋንዲሻ በላሁ።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ጠረጴዛችን ላይ የተከደነ ጎድጓዳ ሳህን አገኘሁ። ምን ብዬ እንደቀረሁ የሰማችው እናቴ አለመቆጣቷ ባሰብኝ። እትዬ ሊን ከዚያ ቀን አስቀድመው በሳምንቱ ሦስት ጊዜ መጥተው ስለ ጾማችን እንደጠየቋት ነገረችኝ፤ ወተት ይፈቀዳል? እንቁላልስ? ሰሊጡን ሁልጊዜ የሚለውሱት በአሳማ ስብ መሆኑን ስትሰማ እናቴ አማትባ ነበር፤ እሳቸውም ደንግጠው ያዘጋጁትን በሙሉ ደፍተው በኦቾሎኒ ዘይት እንደ አዲስ ጀመሩ።

«ላንቺ ብለው የጾም ሠሩ» አለችኝ። «ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ።»

ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ከበራቸው ሥር ብርሃን ይታያል፣ የቴሌቪዥናቸው ድምፅ ይሰማል። ቆሜ ቆሜ፣ ሳላንኳኳ ተመለስኩና ጠይቄያቸዋለሁ አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ቤታቸው መግባት አፈርኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ልጃቸው መጥቶ ጋርዴና ወሰዳቸው፤ ዕቃቸው ሲጫን እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እናቴ እንሂድና እንያቸው ባለችኝ ቁጥር ፈተና አለብኝ፣ ቀጥሎ ኮሌጅ ነኝ፣ ቀጥሎ ሥራ በዛብኝ እያልኩ፣ መኪና ከገዛሁ በኋላም ያንን የሠላሳ ደቂቃ መንገድ ድራይቭ ማድረግ አቃተኝ። በመጨረሻ የሄድኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። በሩን የከፈተልኝ ልጃቸው፣ ጸጉሩ ሸብቶ፣ እናቱ ካረፉ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገረኝና ግቢ አለኝ።

ይዤ የመጣሁትን ይቅርታ የምሰጠው ሰው ስላጣሁ የሆነውን ሁሉ፣ ፋንዲሻውን ጭምር፣ ለእሱ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ያን ቀን እኮ ሥራ አልነበረብኝም» አለኝ።

እትዬ ሊን ያን ቀን አጠገባቸው እንዲቀመጡ የፈለጓቸው ሁለት ሰዎች፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ እሳቸው በሌሉበት ሳሎን አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ነበር።